ያው ደመወዝ በሁለት ከተማ



የምረቃው ወራት በተቃረበ ቁጥር በግቢያችን ከፈተናው ይልቅ የሚያወያይ አንድ ጥያቄ ይነሣል። ይኸውም «ሥራ ብናገኝ የት እንግባ? ነቀምቴ እንቅር ወይስ አዲስ አበባ እንውረድ?» የሚለው ነው። በባኬ ጃማ ሻይ ቤቶች ማታ ማታ የሚሰማው ክርክር ይኸው ነው። ክርክሩም ሁልጊዜ በሁለት አጭር ቃል ይዘጋል። አንደኛው ወገን «አዲስ አበባ ብር አለ» ይላል፤ ሌላው ወገን «አዲስ አበባ ብር ይበላል» ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም አልዋሹም፤ ነገር ግን ሁለቱም አላሰቡትም። የአንድ ወጣት የመጀመሪያ አምስት ዓመት፥ ልጁን ለማስተማር በሬውን የሸጠ አባትም ተስፋ፥ በእንደዚህ ያለ የሻይ ቤት ቃል ሲወሰን ዝም ብለን ማየቱ ስላልተገባን፥ የዚህን እትም ርእሰ አንቀጽ ለሒሳቡ ሰጥተነዋል።

በመጀመሪያ የተቀባዩን ገንዘብ እንወቅ። መንግሥት በነሐሴ 2017 ዓ.ም. አስታውቆ ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ እንዲሠራበት ባደረገው የደመወዝ ማሻሻያ መሠረት፥ በመጀመሪያ ዲግሪ ተመርቆ አዲስ የሚቀጠር የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ ከ6,940 ብር ወደ 11,500 ብር ከፍ ብሏል። ዝቅተኛው የመንግሥት ደመወዝ ከ4,760 ብር ወደ 6,000 ብር፥ ከፍተኛው ደግሞ ከ21,492 ብር ወደ 39,000 ብር አድጓል። ጭማሪው ለእኛ ዐይነቱ ጀማሪ 66 በመቶ ያህል ነውና ትንሽ አይባልም። የተገኘውን መካድ የእኛ ልማድ አይደለም።

ነገር ግን 11,500 ብር በወረቀት ላይ ያለ ገንዘብ እንጂ በእጅ የሚገባ ገንዘብ አይደለም። በሐምሌ 2017 ዓ.ም. በተሻሻለው የገቢ ግብር አዋጅ መሠረት የመጀመሪያው 2,000 ብር ከግብር ነጻ ነው። ከዚያ በላይ ያለው በየደረጃው 15፥ 20፥ 25፥ 30 በመቶ እየተከፈለበት ይሄዳል። ደረጃ በደረጃ ብናሰላው የ11,500 ብር ግብር 2,100 ብር ይሆናል። የሠራተኛው የጡረታ መዋጮ 7 በመቶ፥ ማለትም 805 ብር ሲቀነስ በእጅ የሚቀረው 8,595 ብር ነው። ከዚህ በኋላ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ደመወዝ ስንል ይህችን 8,595 ብር ማለታችን ነው። አንባቢያችን እርሳስ ይዞ ቢከተለን ደስ ይለናል።

እንግዲህ አንድ ነገር ልብ እንበል። ስኬሉ ነቀምቴን ከአዲስ አበባ ለይቶ አያውቅም። በባኬ ጃማ ቤት ተከራይቶ በእግሩ ወደ ቢሮ የሚሄደው ሠራተኛና በኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ተደባልቦ ጧት በ11 ሰዓት ተነሥቶ ሰልፍ የሚይዘው ሠራተኛ ትምህርታቸውና ደረጃቸው አንድ ከሆነ መነሻ ደመወዛቸውም አንድ ነው። በየወሩ መጨረሻ አንድ ዐይነት ብር ይቀበላሉ፤ በማግሥቱ ግን አንድ ዐይነት ብር የላቸውም።

ለምን ቢባል የመጀመሪያው መልስ ቤት ነው። ኪራይ በየሠፈሩና በየደላላው ስለሚለያይ እዚህ ላይ ቁርጥ ያለ ዋጋ ጽፈን አንባቢን አናሳስትም፤ ምሳሌ ግን እናድርግ። አዲስ አበባ ያለው ጓደኛችን ለአንድ ክፍል የደመወዙን ግማሽ ቢከፍል 4,297 ብር ከ50 ሳንቲም ይሄዳል። ነቀምቴ ያለው አንድ አራተኛውን ቢከፍል 2,148 ብር ከ75 ሳንቲም ይሄዳል። ልዩነቱ በወር 2,148 ብር ከ75 ሳንቲም ነው። አሁን ደግሞ በተቃራኒው እናስላ። ከአዲስ አበባ ተጭኖ ነቀምቴ የሚደርሰው ዕቃ፥ ሳሙናው፥ ዘይቱ፥ መድኃኒቱ፥ ደብተሩ፥ ሁሉም በ10 በመቶ ይወደዳል እንበል። በኪራይ የተረፈችው ገንዘብ በዚህ ውድነት እንድታልቅ ነቀምቴ ያለው ሰው በወር የ21,487 ብር ሸቀጥ መግዛት ይኖርበታል። ይህ ከሙሉ ደመወዙ ከሁለት እጥፍ በላይ ነው። ስለዚህ «ነቀምቴ ሁሉም ነገር ከአዲስ አበባ ስለሚመጣ ውድ ነው» የሚለው የዘወትር ክርክር ለአንድ ላጤ ሠራተኛ ብዙ ርቀት አይወስድም። የሚወስነው የሳሙና ዋጋ ሳይሆን የጣራ ዋጋ ነው።

(ይህን ወረቀት የምናባዛበት ቀለምም ወረቀትም ከአዲስ አበባ የሚመጣ መሆኑን ሳንረሳ ነው ይህን የምንለው። የማኅበራችን ገንዘብ ያዥ ውድነቱን ከማንም በላይ ያውቀዋል።)

የአዲስ አበባ ጣራ ለምን እንዲህ እንደተወደደ ብዙ ተጽፏል። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በኮሪደር ልማቱ ምክንያት ፒያሳና ካዛንቺስን የመሳሰሉት ከመሐል ከተማው ያሉ አሮጌ ሠፈሮች ፈርሰዋል። በእነዚያ ሠፈሮች ርካሽ ክፍልና ሰርቪስ ቤት ተከራይቶ ወደ ሥራው በእግሩ ይሄድ የነበረ ሰው ወደ ዳር ወጥቷል። ዳር ሲወጣ ኪራዩ ጥቂት ቢቀልለት ታክሲው ይከብደዋል፤ አንድ ታክሲ የነበረው ሁለትና ሦስት ይሆናል። መጋቢት 24 ቀን 2016 ዓ.ም. የተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው የቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ውሉ ከ2 ዓመት እንዳያንስ፥ ቅድሚያ ክፍያውም ከ2 ወር እንዳይበልጥ ይደነግጋል። ሕጉ መልካም ነው። ነገር ግን ባለቤት «ልጄ ሊያገባ ነው፤ ቤቱን ልቀቅ» ሲል ጀማሪ ሠራተኛ አዋጅ ይዞ የሚከራከርበት ጊዜም ወኔም እንደሌለው እናውቃለን። እኅቶቻችን ደግሞ ከዚህ የባሰ አለባቸው። ወንዱ ሦስት አራት ሆኖ በአንድ ክፍል ሲደባለብ፥ ሴቷ በር የሚዘጋ ግቢና መብራት ያለው መንገድ መፈለግ ስላለባት ለዚያው ካሬ ሜትር የበለጠ ትከፍላለች። ይህን በስኬልም በስታቲስቲክስም አላየነውም።

ስለ ምግብ የሚባለው እንደ ኪራዩ ቀላል አይደለም። ወለጋ የበቆሎ፥ የቡና፥ የማርና የቅቤ አገር ነው። ከባኮ ወዲህ የሚታየውን የበቆሎ እርሻና ማንጎ ለሚያይ ሰው ነቀምቴ ላይ ራብ የሚባል ነገር አይታሰበውም። አንጮቴ አዲስ አበባ ላይ እንደ ብርቅ ይፈለጋል፤ እዚህ ግን የጓሮ ተክል ነው። ይሁን እንጂ የአገሩ ምርት ለአገሩ ሰው ሁልጊዜ ርካሽ ነው ማለት አይደለም። ነጋዴው በካሚዮን መጥቶ ሲገዛ የነቀምቴው ዋጋ ከአዲስ አበባው ዋጋ ላይ የጭነት ኪራይና ትርፍ የተቀነሰለት ነው እንጂ ሌላ አይደለም። ቡናችንን ተመልከቱ። በዓለም ገበያ «ለቀምት» እየተባለ በከተማችን አሮጌ ስም ይሸጣል፤ ለውጭ ገበያ ደረጃ የደረሰው ግን ይወጣል እንጂ በእኛ ጀበና አይፈላም። ስማችን ባሕር ተሻግሮ ሲጠጣ እኛ የቀረውን እንቆላለን።

ከዚህም ሌላ መንገዱ አለ። ከነቀምቴ እስከ አዲስ አበባ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በባኮ፥ በጌዶ፥ በጉደርና በአምቦ አድርጎ አንድ ቀን የማይሞላ ጉዞ ነው። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ ባለው ግጭት ግን ይህ መንገድና ከነቀምቴ ወዲያ ወደ ጊምቢ፥ ወደ ነጆ፥ ወደ ደምቢ ዶሎ የሚወስዱት መንገዶች የተቋረጡባቸው ጊዜያት እንደነበሩ ለአንባቢ ማስረዳት አያስፈልገንም፤ በዓል ለማክበር ወጥተው ለመመለስ የተቸገሩ ተማሪዎች በእያንዳንዱ ዶርሚተሪ አሉ። መንገድ ሲዘጋ ምን ይሆናል? ከአዲስ አበባ የሚመጣው ዘይትና መድኃኒት ይወደዳል፤ ወደ አዲስ አበባ የሚሄደው በቆሎ ግን ገዢ አጥቶ ይረክሳል። ወር ጠብቆ የሚቀበለው ሠራተኛ በአንዱ ተጎድቶ በሌላው ይካሳል። ገበሬው አባቱ ግን በሁለቱም ይጎዳል፤ የሚሸጠው ረክሶ የሚገዛው ተወዷልና። ያን ጊዜ ልጁ ከደመወዙ ቆርሶ ወደ ቤት ይልካል። ስለዚህ የነቀምቴን ደመወዝ ስናሰላ የሠራተኛውን ኪስ ብቻ ቆጥረን የምናቆም ከሆነ ግማሹን ሒሳብ ትተናል።

የአዲስ አበባውም ቢሆን ከቤተሰብ አላመለጠም። ከወለጋ ወጥቶ አዲስ አበባ ሥራ የያዘ ሰው ቤት የሁሉ ማረፊያ ነው። አክስት ሪፈር ተጽፎላት ወደ ጥቁር አንበሳ ስትሄድ የምታድረው እሱ ዘንድ ነው። የአጎት ልጅ ለፓስፖርት፥ የጎረቤት ልጅ ለሥራ ፍለጋ ሲመጡ የሚያርፉት እሱ ዘንድ ነው። ፍራሹን ለእንግዳ ለቆ ራሱ ምንጣፍ ላይ ይተኛል፤ ምግቡን፥ ታክሲውን፥ አንዳንዴም መድኃኒቱን ይሸፍናል። ይህን ማንም እንደ ወጪ አይቆጥረውም፤ እሱም ቢሆን «ወጪ» ብሎ ቢጠራው ያፍራል። ነቀምቴ ያለው ወንድሙ ግን ቅዳሜ ወደ ገጠር ወጥቶ ሰኞ ከግማሽ ጆንያ በቆሎና ከአንድ ጠርሙስ ማር ጋር ይመለሳል። ለአንዱ ዝምድና ገቢ፥ ለሌላው ወጪ ሆኗል።

እስካሁን ያልነው ሁሉ ለነቀምቴ የሚያደላ ይመስላል። እውነቱን ለመናገር ግን ሒሳቡ የሚገለበጥበት ቦታ አለ፤ እሱም ሁለተኛው ገቢ ነው። አዲስ አበባ ላይ መምህሩ ማታ ያስጠናል፤ የሒሳብ ባለሙያው ቅዳሜ የሁለት ነጋዴ መዝገብ ይይዛል፤ የኮምፒዩተር ተማሪው ሌሊት ሥራ ያገኛል። ባል አዲስ አበባ ተቀጥሮ ሚስት ሥራ ለማግኘት የምትጠብቀው ጊዜና ነቀምቴ ላይ የምትጠብቀው ጊዜ አንድ አይደለም። የማታ ማስተርስ ለመማርም፥ ወደ ግል ድርጅት ለመዛወርም ዕድሉ እዚያ ይሰፋል። በስኬል ላይ ላልሆነው ሰው ደግሞ፥ ለዘበኛው፥ ለቀን ሠራተኛው፥ ለአስተናጋጇ፥ ልዩነቱ ከዚህም ይበልጣል። በአገራችን ለግል ተቀጣሪዎች የተወሰነ አነስተኛ የደመወዝ ወለል የለም፤ በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ የደመወዝ ቦርድ እንደሚቋቋም ቢናገርም ወለሉ አልተቆረጠም። እንግዲህ የእነዚህ ሰዎች ዋጋ በየከተማው በፈላጊው ብዛት የሚወሰን ነውና ወደ አዲስ አበባ ቢጎርፉ ሞኞች አይባሉም።

የእኛ ፍርድ እንግዲህ ይህ ነው። በመንግሥት መነሻ ደመወዝ ብቻ ለሚኖር፥ ላጤ ለሆነና ቤተሰቡ በአካባቢው ላለ ምሩቅ 8,595 ብር ነቀምቴ ላይ ከአዲስ አበባ የበለጠ ይገዛል። ሁለተኛ ሥራ ለማግኘት ሙያውም ጉልበቱም ላለው ግን አዲስ አበባ ኪራዩን ሊከፍልለት ይችላል። ሁለተኛ ሥራ ሳይኖረው «ሄጄ እፈልጋለሁ» ብሎ የሚወርድ ጓደኛችን የመጀመሪያዎቹን ስድስት ወራት በማን ቤት እንደሚያሳልፍ አስቀድሞ ይወቅ።

ነገር ግን ጥያቄው የግለሰብ ምርጫ ብቻ ሆኖ መቅረት የለበትም። ደመወዝ በአገር ደረጃ አንድ ሆኖ ኑሮ በየከተማው ሲለያይ፥ ልዩነቱን የሚሸከመው ሠራተኛው ነው። ሌሎች አገሮች ይህን አይተው መላ አበጅተዋል። እንግሊዞች በሎንዶን ለሚሠራ የመንግሥት ሠራተኛ የተለየ ተጨማሪ ክፍያ ከሰጡ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። ሕንዶች ከተሞቻቸውን በሦስት መደብ ከፍለው፥ በ2017 እ.ኤ.አ. ባደረጉት ማሻሻያ ለመንግሥት ሠራተኛ የቤት ኪራይ አበል ከመነሻ ደመወዙ 24፥ 16ና 8 በመቶ እንዲሆን ወስነዋል። ይህን በእኛ 11,500 ብር ላይ ብናሳርፈው የላይኛው መደብ 2,760 ብር፥ የታችኛው 920 ብር ይሆናል። እኛም ብንሆን ለነገሩ ባዕድ አይደለንም። በአገራችን ለሙቀት የበረሃ አበል ይከፈላል፤ ፀሐይ የሚያቃጥለውን ሠራተኛ ያሰበ መንግሥት ኪራይ የሚያቃጥለውንም ሊያስብ ይችላል።

እዚህ ላይ አንድ አንባቢ «እናንተ በነቀምቴ ሆናችሁ ለአዲስ አበባ ሠራተኛ አበል ትጠይቃላችሁን?» ሊለን ይችላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። አንደኛ፥ አዲስ አበባ አሁንም ቢሆን ስም ያልተሰጠው አበል አላት። የመንግሥት ሠራተኛውን በነጻ የሚያመላልሰው የፐብሊክ ሰርቪስ አውቶቡስ የደመወዝ ጭማሪ ካልሆነ ምንድን ነው? የነቀምቴ ሠራተኛ ባጃጁን ከኪሱ ይከፍላል። ስለዚህ የምንለው ለአንዱ ይጨመር ለሌላው ይቀነስ አይደለም፤ ለማን ምን እንደሚሰጥ በግልጽ ይቆጠር ነው። ሁለተኛ፥ መደቡ በኪራይ ብቻ ቢወሰን የሚጎዳው ከነቀምቴ ይልቅ ከነቀምቴ ወዲያ ያለው ነው። በመንዲ ወይም በነጆ ዙሪያ ባለ ትንሽ ከተማ ኪራዩ ርካሽ ነው፤ ግን መንገድ በተዘጋ ወር መድኃኒት የለም፤ ባንኩ ጥሬ ገንዘብ የለውም፤ ለመምህሩ ልጅ ሐኪም የለም። እዚያ ውዱ ነገር ዕቃው ሳይሆን የዕቃው አለመኖር ነው። በዋጋ ዝርዝር ላይ ይህ አይታይም። መምህርና ነርስ ከዚያ የሚሸሹት ርካሽ ኑሮ ጠልተው አይደለም።

ይህ ነገር ሲናቅ ወዴት እንደሚያመራ የአገራችን ታሪክ ያውቀዋል። በ1966 ዓ.ም. የነዳጅ ዋጋ ሲጨምር የአዲስ አበባ የታክሲ ነጂዎች የካቲት 11 ቀን ሥራ አቆሙ፤ በዚያው ቀን መምህራንም በትምህርት ጥናቱና በደመወዛቸው ምክንያት ሥራ አቆሙ። ከዚያ የተከተለውን መድገም አያሻም። በቅርቡም በግንቦት 2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች ደመወዛችን አላኖረንም ብለው ሥራ እስከማቆም ደርሰዋል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ያህል ነበር፤ በ2018 ዓ.ም. መግቢያ ከ140 ብር አልፏል። መድኃኒቱና የመኪናው ጎማ የሚከተሉት ይህን ቁጥር ነው እንጂ ስኬላችንን አይደለም።

አንድ ቀላል ነገርም እንጠይቃለን። የስታቲስቲክስ አገልግሎት በየወሩ የየክልሉን የዋጋ ንረት ያወጣል። ይህ ግን ዋጋ ካምናው ምን ያህል እንደጨመረ ነው የሚነግረን፤ ዛሬ ነቀምቴ ላይ ያለው ዘይት ከአዲስ አበባው በስንት እንደሚበልጥ አይነግረንም። ንረቱ ዝቅተኛ የሆነበት ከተማ ዋጋው ከፍተኛ ሊሆን ይችላል። በአንድ ቀን፥ ለአንድ ዐይነት ዕቃ፥ የየከተማው ዋጋ ጎን ለጎን ተጽፎ ቢወጣ የሻይ ቤቱም የምክር ቤቱም ክርክር ያጥር ነበር።

እስከዚያው ግን እጃችንን አጣጥፈን አንቀመጥም። ለብዙ ዓመታት በፊት የነበሩት ተማሪዎች በ1957 ዓ.ም. በተጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ወደ ጠቅላይ ግዛቶች ወርደው አንድ ዓመት እያስተማሩ የአገሩን ኑሮ ከገበያው ተምረዋል። እኛ ከዚያው ገበያ አጠገብ ተቀምጠናል። ስለዚህ ከሚመጣው እትም ጀምሮ በዚህ ወረቀት የመጨረሻ ገጽ የሁለት ከተማ ዋጋ ዓምድ እንከፍታለን። በባኬ ጃማ፥ በጨለለቂና በቡርቃ ጃቶ የሚኖሩ አባሎቻችን፥ እንዲሁም አዲስ አበባ ያሉ ጓደኞቻችን፥ በአንድ ቅዳሜ ጧት የእነዚህን ዋጋ ይጻፉልን፤ አንድ ኪሎ ነጭ ጤፍ፥ አንድ ኪሎ በቆሎ፥ አምስት ሊትር ዘይት፥ አንድ ኪሎ ሽንኩርት፥ አንድ ኪሎ ቅቤ፥ ያልተቆላ ቡና፥ የልብስ ሳሙና፥ አንድ ደርዘን ደብተር፥ አንድ ፍሬ ፓራሲታሞል፥ ከቤት እስከ ሥራ ደርሶ መልስ፥ የአንድ ክፍል ኪራይ። ስለ ኪራዩ ክፍሉ ስንት እርምጃ እንደሆነና ውኃ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ ይጨመርበት። ብሩ ከነሳንቲሙ ይጻፍ፤ «በጣም ውድ ነው» የሚል መልስ አንቀበልም። ቅጹ ከሰኞ ጀምሮ በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ይገኛል፤ ወረቀት ስለሚያንሰን ለሁለት አንድ ቅጽ ይወሰድ።